ሰዓዳ የጠረገችው መንገድ

እዚህ ጅማ፣ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር፣ ከቤቴ ወረድ ብሎ አንድ ጋራዥ ተከፍቷል። ባለቤቱ ጨዋ ሰው ነው፤ ሲያየኝ ከመኪና ሥር ወጥቶ ነው ሰላም የሚለኝ። ባለፈው ሰሞን በሩ ላይ አሸዋ አስደፋና አቧራው እንዳይነሳ ብሎ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አፈሰሰበት፣ ከዚያ በአካፋ ጀርባ ደለደለው። እኔ ዳቦ ገዝቼ እየተመለስኩ ነበር። ሽታው ሲደርሰኝ መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። «ጋሼ ታዬ፣ አሞዎት ነው?» አለኝ አካፋውን ጥሎ። «ደህና ነኝ፣ ሽታው ነው» አልኩት። «ይቅርታ ጋሼ፣ ፀሐይ ሲመታው ይጠፋል» አለኝ። ይጠፋል አለኝ እንግዲህ። እኔ ይኼን ሽታ ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ይዤው ነው የምዞረው፤ የትኛውም ፀሐይ አላጠፋልኝም። ወንበር አወጣልኝና ተቀመጥኩ። ዳቦዬን ጭኔ ላይ አድርጌ እንደ ሞኝ አሸዋውን ሳይ ቆየሁ።

ሰዓዳ ትዝ ብላኝ ነው። ሰዓዳ የጅማ ልጅ ናት፣ ጎልፍ ተጫዋች ነበረች። ይኼን ስናገር የዛሬ ወጣቶች ይስቁብኛል። «ጋሼ ደግሞ፣ ጅማ ውስጥ ጎልፍ?» ይሉኛል። አዎ ጅማ ውስጥ ጎልፍ፤ ምን ያስቃል? እናንተ ያላያችሁት ነገር ሁሉ ያልነበረ ይመስላችኋል። ያኔ እኔ ገበያው ዳር፣ ከአንድ ሻይ ቤት አጠገብ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሱሪ በሦስት ብር እሰፋ ነበር፣ ፓስቲ በዐሥር ሳንቲም ይበላ ነበር። ጎረምሳ ሁሉ ከጉልበቱ ጠቦ ከታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ይለብሳል፣ ጠጉሩን ያጎፍራል፣ የሸሚዙን ኮሌታ እስከ ትከሻው ይዘረጋል። ኋላ ነው ሁሉም ካኪ የለበሰው። ለስንቱ ካኪ ሰፍቻለሁ። ከለሩ አንድ፣ አቆራረጡ አንድ፤ ሰውየውን ከኋላ አይታችሁ ማን እንደሆነ አታውቁትም።

ሜዳው ወደ ሰርቦ በሚወስደው መንገድ ከተማው ሲያልቅ በስተግራ ነበር። የሠሩት የቡና በሽታ ሊያጠኑና ቡና ሊገዙ የመጡ ፈረንጆች ናቸው። ሜዳ ስላችሁ ታዲያ በቴሌቪዥን የምታዩት ለምለም ምንጣፍ እንዳይመስላችሁ። የሰፈሩ ከብት የሚግጥበት መስክ ነው። ኳስ ተመታ ሲባል እረኛውም ላሙም ዞር ይላል። ኳሱ የሚገባባቸው ጉድጓዶች ዙሪያ ደግሞ ሣር የሚባል የለም። እንደ አውድማ ክብ አድርገው ጠርገው አሸዋ ደፍተውበታል። አሸዋው በነፋስ እንዳይበን፣ በክረምት ጎርፍ እንዳይሄድ፣ የተቃጠለ የመኪና ዘይት አጠጥተውታል። ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ ፀሐይ ሲወጣ ሽታው እስከ መንገዱ ይመጣል። አሸዋው ላይ የሰውም የወፍም ዱካ ስለሚቀር ሜዳው የራሱ ሥርዓት ነበረው። ኳስህን ወደ ጉድጓዱ ልትመታ ስትል፣ ከኳሱ እስከ ጉድጓዱ ያለውን መንገድ መጀመሪያ ትደለድላለህ። ለዚህ ሥራ በየክቡ ዳር ከእንጨት ላይ የተቸነከረ ጆንያ ተቀምጧል፤ ጆንያ ከሌለ በጫማህ ሶል ታስተካክላለህ። መትተህ ስትጨርስ ደግሞ ለሚመጣው ሰው ደልድለህለት ትወጣለህ። ሳይደለድል የሄደ ሰው ባለጌ ነው፤ ፈረንጅም ቢሆን ባለጌ ነው።

የሰዓዳ እናት እማማ ዘሃራ ለፈረንጆቹ ወተት ያቀርቡ ነበር። ወተቱን የምታደርሰው ሰዓዳ ነበረች። ሜዳው በመንገዷ ላይ ስለሆነ ቆማ ስታይ፣ ቆማ ስታይ፣ ጆንያ ጎታች አድርገው ቀጠሯት። ከሁሉም የወደደቻት የአንዱ የቡና አጥኚ ሚስት ነበረች። ስሟ ለምላስ ስለሚከብድ ሁላችንም ማዳም ነበር የምንላት። ማዳም አሮጌ የጎልፍ ዱላዋን አሳጥራ ሰጠቻት፣ አያያዙን አሳየቻት። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አላሳያትም። ሰዓዳ ሃያ ዓመት ሳይሞላት ከአጋሮና ከሊሙ እሁድ እሁድ እየመጡ የሚጫወቱትን ወንዶች በሙሉ ታሸንፍ ጀመር። አንዱ ዓመት ሽልማቱ ውስኪ ሆነ። በነጠላዋ ጠቅልላ ሱቄ ድረስ አመጣችውና «ማሎ ታዬ፣ ይኼን ነገር ከእጄ ውሰድልኝ፣ ሐርሜ ካየችኝ ትገድለኛለች» አለችኝ። ማሎ ማለት በኦሮምኛ እባክህ ማለት ነው፣ ሐርሜ እናቴ። እኔም ውሰድልኝ ከተባልኩ ብዬ ወሰድኩላት። በሚቀጥለው ዓመት ግን ቴርሞስ አሸነፈች። ያን ቀይ አበባ ያለበትን ቴርሞስ እማማ ዘሃራ እስኪሞቱ ድረስ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ያወጡት ነበር።

እወዳት ነበር። አሁን በዚህ ዕድሜዬ ማንን ፈርቼ እደብቃለሁ? እሷ እስላም፣ እኔ የገብርኤል ደጅ ሳሚ፤ ቤተሰቧም ቤተሰቤም በአንድ ቀን ነበር የሚነሱብን። ስለዚህ የምወዳትን ያህል ሰፋሁላት። ዱላ ስትወዘውዝ ቀሚሷ እየጠለፋት ስትቸገር አይቼ፣ «ሱሪ ልስፋልሽ» አልኳት። እናቷ ሰምተው ሱቄ ድረስ መጡ። «አንተ ልጅ፣ ልጄን ወንድ ልታደርግብኝ ነው?» አሉኝ። «እማማ፣ እርስዎ ካልወደዱት በመቀሴ እቀደዋለሁ» ብዬ ማልኩላቸውና ሰማያዊ ፖሊስተር ቆረጥኩ። ሱሪው ሰፊ ነው፣ ከላዩ እስከ ጉልበት የሚወርድ፣ ሁለት ጎኑ የተቀደደ ሸሚዝ አለው። ከዚያው ጨርቅ ሻሽ አወጣሁለት። እማማ ዘሃራ በግራ አዩት፣ በቀኝ አዩት፣ ጨርቁን በጣታቸው አሹት። «ጋሪ ነው» አሉ፣ ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። «ግን ኪሱን አትሠራለትም፣ ሴት ልጅ እጇን ኪሷ ከትታ አትሄድም» አሉኝ። ኪሱን ተውኩት። ሰዓዳ ግን ኳሷን የት ልያዝ ብላ ስታኮርፈኝ፣ ከውስጥ በኩል የማይታይ ኪስ ሠራሁላት። እማማ እስከ ዕለተ ሞታቸው አላወቁም።

ከዚያ ደርግ መጣ፣ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ሬዲዮው ከጠዋት እስከ ማታ ሰልፍ ሰልፍ ይላል፣ ስኳር በቀበሌ ሆነ፣ ፈረንጆቹ አንድ በአንድ ዕቃቸውን ሸጠው ሄዱ። ማዳምና ባሏ የቡናው በሽታ ስላላለቀ ቀሩ። ሜዳው ላይ ሰው አነሰ፣ ሣሩ አደገ፣ ሰዓዳ ግን ክቦቹን አልተወቻቸውም። ከጋራዦች የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ተሸክማ ታጠጣቸው ነበር። የዚያን ጊዜ ነው ማዳም ወሬውን ያመጣችው። አዲስ አበባ፣ አንድ ኤምባሲ ግቢ ውስጥ የሴቶች ውድድር ሊደረግ ነው። ከናይሮቢ ሰዎች ይመጣሉ። ያሸነፈችውን ወስደው በደመወዝ ሊያጫውቷት፣ ሌሎች ሴቶችን ልታስተምርላቸው፣ የመውጫ ቪዛውንም ጉዳይ ራሳቸው ሊጨርሱላት ነው። ሰዓዳ ሱቄ መጥታ ከስፌት መኪናዬ ፊት ቆመች። «ታዬ፣ ዱላ ይዤ እንጀራ ልበላ ነው» አለችኝ። «ካሸነፍሽ» አልኳት። «ካሸነፍኩ» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ካላሸነፍኩስ ምን አለኝ? ወተቱ የለ፣ ፈረንጁ የለ። እዚህ ሜዳ ላይ ብቻዬን ጆንያ ስጎትት ላርጅ?» አለችኝ። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካሁት። እንድታሸንፍ ፈልጌ ነበር፣ እንድትሄድ ግን አልፈለግኩም፤ ሁለቱ አንድ ላይ እንዴት እንደሚገኙ አላውቅም ነበር።

ማዳም «የአዲስ አበባው ሣር ነው፣ ኳሱ ይሮጣል» አለቻት። ሰዓዳ ለመለማመድ አጋሮ ሄደች። እዚያ አክስቷ የቡና ነጋዴ ጎረቤት ነበራቸው። ሰውየው ግቢ ውስጥ ቡና የሚሰጣበት ሲሚንቶ አለ፣ ለስላሳ ነው። ቡናው ከመሰጣቱ በፊት በማለዳ ተነስታ ሲሚንቶው ላይ ኳስ ታንከባልላለች። ሠራተኞቹ ቡና ተሸክመው መጥተው እሷን ቆመው ይጠብቃሉ። ነጋዴውም አልከለከላትም፣ «ናይሮቢ ስትገቢ የአጋሮን ቡና ስም ጥሪልኝ» ብቻ ነበር ያላት። ማዳም ሁሉንም ነገረቻት፤ ኳሱ እንዴት እንደሚፈጥን፣ ማንን ቀድማ ሰላም እንደምትል፣ ምሳ ላይ ሹካ በየት እጅ እንደሚያዝ። አንዲት ነገር ብቻ ሳትነግራት ቀረች። ማዳም ራሷ ጅማ ላይ ለብዙ ዓመት ስትደለድል ስለኖረች፣ ሌላ ቦታ እንደማይደለደል ጠፍቷት ነበር።

ሴት ልጅ ብቻዋን አትሄድም ብለው እማማ ዘሃራ እንደ ወንድሟ ቆጥረው እኔን አብሬያት እንድሄድ ላኩኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀቱን ሲሰጠን «ጓድ ታዬ፣ ልብስ ሰፊው ምን ሊሠራ ነው?» አለኝ። «ሱሪዋ ቢቀደድስ?» አልኩት። ሳቀና ማህተሙን መታ። ያኔ ሰው ለመሳቅ ሰበብ ይፈልግ ነበር። የጊቤን ቁልቁለት ስንወርድ አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ላብ በላብ ሆነ፣ ኬላው ላይ አውርደው ፈተሹን። አንዱ ወታደር የዱላዎቹን ከረጢት ከፍቶ ብረቱን ሲያይ ወደኋላ ሸሸ። «ምንድነው ይኼ?» «ኳስ መምቻ ነው» አለች ሰዓዳ። «ኳስ በእግር አይደል የሚመታው?» «የኔ ትንሽ ናት» ብላ ከውስጥ ኪሷ አውጥታ አሳየችው። ኳሷን መዳፉ ላይ አገላብጦ አየና «አሸንፊ እህቴ» ብሎ መለሰላት። እኔ መቼም ወታደር ሲመርቅ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።

ማዳም ቀድማን ሄዳ ኤምባሲው በር ላይ ጠበቀችን። ግቢው ውስጥ ስንገባ ሰዓዳ እጄን ያዘች። ሣሩ እንደ ተወለወለ ነበር፣ ጉድጓዶቹ ዙሪያ ደግሞ ጫማ ማውለቅ ያምርሃል። ተጫዋቾቹ ነጭ ቀሚስ ለባሽ ፈረንጆች ናቸው፣ አንዲት ረጅም ኬንያዊት ነበረችበት። የእኔ ሰማያዊ ፖሊስተር መሃላቸው ሲሄድ ኮራሁ፤ ስፌቱ ከሩቅ ያምር ነበር። ስለ ጨዋታው ብዙም አላውቅም፣ ማዳም ግን ከጎኔ ሆና እጄን በጨመቀች ቁጥር ሰዓዳ ደህና እንደመታች አውቅ ነበር። በየጉድጓዱ ጨመቀችኝ። መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ ሰዓዳ ኬንያዊቷን በአንዲት ምት ትመራታለች፤ በጎልፍ ትንሽ ጊዜ የመታ ነው የሚያሸንፈው። ከጉድጓዱ ዳር ግን አሸዋ የተሞላ ጎድጓዳ ነበረና ኳሷ እዚያ ወደቀች። ሰው ሁሉ አለቀላት አለ። እሷ ግን የአሸዋ ልጅ አይደለች? አንድ ጊዜ መታቻት፣ ኳሷ ከነአሸዋው ተነስታ ጉድጓዱ አጠገብ አረፈች። ከዚያ የቀረው ሕፃን የሚጨርሰው ነው። ማዳም ማልቀስ ጀመረች።

አብሯት የወጣው አሸዋ ግን ሣሩ ላይ ተበትኖ ነበር፣ ከኳሱ እስከ ጉድጓዱ ነጠብ ነጠብ ብሎ። ሰዓዳ አየችው። ቀኑን ሙሉ ሣር ብቻ ስታይ ውላ አሁን አሸዋ አየች። ዙሪያዋን ተመለከተች፣ ጆንያ የለም። ከዚያ ቀኝ እግሯን አንስታ በሸራ ጫማዋ ሶል ከኳሱ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ቀስ አድርጋ ደለደለችው። በጣም ቀስ ብላ፣ ለሰው አልጋ እንደሚነጠፍ። ማዳም ከጎኔ አንድ ነገር ጮኸች፣ በቋንቋዋ ነው፣ ግን ዘግይታለች። ሰዓዳ መታች፣ ገባ። ሻሿን አስተካክላ ወደኛ ፈገግ አለች፣ ከዚያ ተመልሳ ለኬንያዊቷ መንገዱን ልትደለድል ስትል ወረቀት የያዘው ሰውዬ እጁን አንስቶ አስቆማት። አሸዋውን በእጅ ማንሳት ይቻል ኖሯል፤ በእግር መደልደል ግን ክልክል ነው፣ ሁለት ምት ያስቀጣል። ማዳም በአማርኛ አስረዳቻት። ሰዓዳ ጫማዋን አየች። «ታዲያ ደልድዬ ካልመታሁ እንዴት ልምታ?» አለች። ኬንያዊቷ መትታ ጨረሰችና በአንዲት ምት አሸነፈቻት። መጥታ አቀፈቻት፣ የናይሮቢዎቹ ደግሞ «በሚቀጥለው ዓመት» አሏት። እሺ አለች። አውቶቡሱ ውስጥ እስከ ጅማ ድረስ መስኮት መስኮቱን እያየች ሄደች፣ እኔም ብርቱካን ልጬ ሰጠኋት፤ ያዘችው እንጂ አልበላችውም።

የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር አልመጣም። ማዳም በዚያው ክረምት ሄደች፣ ኤምባሲ የገባ ሰው ደግሞ የሚጠየቅበት ጊዜ መጣ። ሰዓዳንም ጠየቋት፣ እኔንም ጠየቁኝ፤ ብዙ ባያቆዩንም ሁለተኛ የይለፍ ወረቀት አልሰጡንም። ቀጥሎ ሜዳው ይታረስ ተባለ። ቀበሌው በሙሉ ዶማና አካፋ ይዞ እንዲወጣ ታዘዘ። ያልወጣ ስኳር አያገኝም። ወጣን። ሰዓዳም ወጣች። ጥቁሮቹን ክቦች ስንቆፍር ሰዓዳ አጠገቤ ነበረች፣ ዶማዋን ታነሳለች፣ ታወርዳለች፣ ፊቷ ላይ ምንም የለም። እንድታለቅስ ፈልጌ ነበር። ብታለቅስልኝ አብሬያት አለቅስ ነበር።

በቆሎው በቀለ፣ ከሰው በላይ ቆመ። ክቦቹ ላይ ግን አልበቀለም። ዘይት የጠጣ አሸዋ ምን ያበቅላል? የለመለመው እርሻ መሃል እዚህም እዚያም እንደ ራስ መላጣ ክብ ክብ ሆኖ ቀረ። ሊቀመንበሩ ተናደደ፣ ፋንድያ አስደፋበት፣ እምቢ አለ። አንድ እሁድ እዚያ ሳልፍ ከበቆሎው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፣ ብረት ኳስ ሲነካ የሚሰማ ድምፅ። ቅጠሉን ገለጥ አድርጌ ገባሁ። ሰዓዳ የቀረቻትን አንድ ዱላ ይዛ መላጣው ክብ ላይ ቆማለች፤ የሰፋሁላትን ሰማያዊ ሱሪ ለብሳለች፣ ጉልበቱ ሳስቷል። በእግሯ ትደለድላለች፣ ትመታለች፣ ይገባል። ኳሷን አውጥታ ተመልሳ ትደለድላለች። አላየችኝም። ቅጠሉን መልሼ ወጣሁ። እሁድ እሁድ በዚያ ማለፍ ለመድኩ፣ ድምፁን ለመስማት ያህል። አንድ እሁድ ድምፁ ቀረ። ለአጋሮ ሰው ድረዋት ሄዳለች አሉኝ።

አጋሮ ላይ ቡና ለቀማ ገባች፣ ልጆች ወለደች፣ ባሏ ደህና ሰው ነበር። እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ሚስቴን ቀበርኩ። ለዓመታት የምንገናኘው በለቅሶ ብቻ ነበር። ባለፈው ዓመት ታማለች ሲሉኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሰውነቷ አልቆ እጇ ብቻ ነው የቀረው፣ ያ ዱላ ይይዝ የነበረው እጅ። ልጇ ወንበር ሰጥታኝ ወጣች። ስለ ልጆቻችን፣ ስለ ቡና ዋጋ፣ ስለ ጉልበታችን አወራን። ስለዚያ ቀን በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ጊዜ አንስተን አናውቅም። ልነሳ ስል ያዘችኝ። «ታዬ፣ ሳልደለድለውም ይገባ ነበር፣ አይደል?» አለችኝ። ስለ ጎልፍ ምንም የማላውቅ ልብስ ሰፊ ነኝ። ግን ቅርብ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። «ይገባ ነበር» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። «እንግዲያ ለምን ደለደልኩት?» አለች። እጇን አሸት አሸት አድርጌ፣ አላህ ይማርሽ ብዬ ወጣሁ። ወር ሳይሞላት አረፈች።

ጋራዡ በር ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ሚኒባስ አሸዋውን አቋርጦ ወጣ፣ ጎማው ሁለት መስመር ጥሎበት ሄደ። ሳላስበው ተነሳሁ። ዳቦዬን ወንበሩ ላይ አድርጌ በጫማዬ ሶል መስመሩን መደልደል ጀመርኩ። ባለ ጋራዡ ሮጦ መጣ። «ኧረ ጋሼ ይተዉት፣ ጫማዎ በዘይት ይበላሻል፤ ደግሞ ሌላ መኪና ይሄድበታል» አለኝ። «ለሚመጣው ነው» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። ለሰዓዳ መመለስ የነበረብኝ ይኼን ነበር። ሰዓዳ፣ የደለደልሽው ጨዋ ስለሆንሽ ነው፣ እኛ እንደዚያ ስላሳደግንሽ ነው ማለት ነበረብኝ። እዚያው አሸዋው ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ያ ደግ ሰው ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቀኝ ክንዴን ይዞ ቤቴ ድረስ ሸኘኝ።